በሬው ከመሸጡ በፊት፦ የውጭ ትምህርት ዕድል እንዴት ነው የሚሠራው?

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከጎዛምን ወረዳ መጥተው ደብረ ማርቆስ ወዳለችው ጽሕፈትና ኮፒ ቤቴ ገቡ። ኮፒ የሚያስደርጉ መስሎኝ ነበር። ከጋቢያቸው ሥር ስልክ አወጡ። ስልኩ የልጃቸው ነው። ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አለ፤ ከላይ ዓርማ፣ ከሥር ፊርማ፣ መሀል ላይ ደመቅ ተደርጎ የተጻፈ «ኮንግራጁሌሽንስ»።

«ልጄ፣ እስቲ ይኼን አንብብልኝ» አሉ። «ባሕር ማዶ አልፏል ይሉኛል። አንዱን በሬ ልሽጠው ወይስ ልቆይ?»

ቁጭ አድርጌ አነበብኩላቸው። ደብዳቤው እውነተኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም አለ። የገንዘቡ ነገር የተጻፈው ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። «የትምህርት ክፍያው 50 በመቶ ይቀነስልሃል» ይላል። የቀረው 50 በመቶ፣ የቤት ኪራዩ፣ ምግቡ፣ ቲኬቱ የማን እንደሆነ አይልም። ካላለ ደግሞ የእሳቸው ነው።

የ12ኛ ክፍል ወይም የመውጫ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ይበዛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብያለሁ።

አድሚሽን፣ ስኮላርሺፕ፣ ቪዛ፤ ያው አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ሞጣ ያለ ዘመድ ለልጁ ሠርግ ጠራችሁ እንበል። የጥሪ ወረቀቱ ደረሳችሁ። ወረቀቱ የሚለው «ከመጣችሁ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ አላችሁ» ነው። የመኪና አይከፍልላችሁም። መንገድ ላይ ኬላ ካለም አያሳልፋችሁም።

አድሚሽን የጥሪ ወረቀቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውጤታችሁን አይቶ መቀበሉን የሚገልጽበት ደብዳቤ። ስኮላርሺፕ የመኪናው ነው፤ ወጪውን ሌላ አካል ሲሸፍንላችሁ። ቪዛ ኬላው ነው፤ የሚሰጠው የሀገሩ መንግሥት በኤምባሲው በኩል ነው። ዩኒቨርሲቲው «ና» ስላለ ኤምባሲው አይገደድም። ሦስቱን የሚወስኑት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እሺ ሲል ሌላው እምቢ ይላል።

አንዳንዴ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ፕሮግራም ላይ ለትምህርቱም ለገንዘቡም የምታመለክቱት አንድ ቦታ ነው። የእንግሊዙ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ግን ለየቅል ነው። ገንዘቡን ከቼቭኒንግ፣ መቀመጫውን ከዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳችሁ ትጠይቃላችሁ። ቼቭኒንግን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ያላገኘ ሰው እዚሁ ይቀራል።

«ነፃ ትምህርት» ሲባል ምኑ ነው ነፃው?

የውጭ ትምህርት ወጪ ቢያንስ አራት ነው፦ የትምህርቱ ክፍያ (ቱሽን የሚሉት)፣ ኑሮው፣ ጉዞውና የጤና መድኑ። «ፉሊ ፈንድድ» የሚባለው እነዚህን ሲሸፍን ነው። ለኑሮ በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ ስታይፔንድ ይባላል። ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ኪራዩም ጉዞውም የሚወጣው ከዚያው ላይ ነው።

ተንኮሉ ያለው ከፊል የሚባለው ላይ ነው። ክፍያው በዓመት 20,000 ዶላር ከሆነ 50 በመቶ ቅናሽ ማለት 10,000 ዶላር ከቤት ይምጣ ማለት ነው፤ ኑሮው ሳይቆጠር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። 10,000ውን በ100 ብቻ እንኳ ብታባዙት 1 ሚሊዮን ብር ነው። አባትየው ይኼን ስነግራቸው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ የሚቆጥሩት ብሩን ሳይሆን በሬ ነበር። አልደረሰም። «እንግዲያ ይረስ» ብለው ስልኩን ወደ ጋቢያቸው መለሱት።

«ጀርመን ነፃ ነው» የሚለውንም በየቀኑ እሰማለሁ። ይኼኛውን ለማስረዳት ከቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቅኔ ፍለጋ ከሸዋም ከወሎም ከትግራይም ተነሥቶ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ የሚመጣ ተማሪ ስንት ዘመን ኖሯል። መምህሩ ክፍያ አይጠይቅም። ሆዱ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ከውሻው ጋር ይታገላል።

ጀርመንም እንደዚያ ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ተማሪም ቱሽን አይቀበሉም። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ግዛት ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። እዚያ አኩፋዳ ስለሌለ ኤምባሲው አስቀድሞ «ምን ትበላለህ?» ይላል። የተለመደው መልስ ዝግ ሒሳብ ነው። ለ1 ዓመት የሚሆን 11,904 ዩሮ አስቀድማችሁ ታስገባላችሁ፤ እዚያ ስትደርሱ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይሰጣችኋል። ገንዘቡ የእናንተው ነው፤ ግን በአንዴ አይወጣም። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለው ሰው በዚህ ፋንታ የስኮላርሺፑን ደብዳቤ ያሳያል።

ከፋዩ ማን ነው? ምን ፈልጎ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ስኮላርሺፕን እንደ ሎተሪ የሚያየው አሥር ቦታ አንድ ዓይነት ወረቀት ይበትናል። እንደ ምጽዋት የሚያየው ደግሞ ችግሩን ይዘረዝራል። ከፋዩ ግን የራሱ ምክንያት አለው፤ ፎርሙ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከዚያ ምክንያት የተቀዱ ናቸው።

ቼቭኒንግን የሚከፍለው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። የሚፈልገው ነገ በየሀገሩ ወሳኝ ቦታ ላይ የሚቀመጥና እንግሊዝን በበጎ የሚያስታውስ ሰው ነው። ስለዚህ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ወደ ሁለት ዓመት ግድም መሆኑ ነው። ሰው መርታችሁ፣ ሰው አስተባብራችሁ እንደሆነ ያጣራል። ስትጨርሱ ሀገራችሁ ተመልሳችሁ ቢያንስ 2 ዓመት እንድትቆዩም ያስገድዳል። እንግዲህ 3.9 ይዞ ትናንት የተመረቀ ልጅ እዚህ በሩን አያልፍም፤ 3.2 ይዞ ሦስት ዓመት ጤና ጣቢያ የሠራች ነርስ ግን ልታልፍ ትችላለች።

ዳድ የሚባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ለታዳጊ ሀገሮች ባዘጋጃቸው የማስተርስ ፕሮግራሞች የሚፈልገው ተመልሶ የልማት ሥራ ላይ የሚውል ባለሙያ ነው። በእነዚህም የ2 ዓመት ልምድ ይጠየቃል፤ ዲግሪው ከተያዘ ብዙ ጊዜ ከ6 ዓመት በላይ ማለፍ የለበትም። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ችሎታ ኖሮት አቅም ያጣ አፍሪካዊ ወጣት ይፈልጋል፤ የቤተሰብ ገቢ መናገር የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ፉልብራይትን የሚከፍለው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ሲጠናቀቅ ለ2 ዓመት ወደ ሀገር የመመለስ ግዴታ ስላለበት «ሄጄ እቀራለሁ» ብሎ ያሰበ ሰው ቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

የአሜሪካ ፒኤችዲ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከፋዩ ብዙውን ጊዜ ራሱ ዲፓርትመንቱ ወይም ፕሮፌሰሩ ነው። ለምን? የሚያስተምርለትና ላብራቶሪ የሚሠራለት ሰው ስለሚፈልግ። እንደ እኩል እርሻ ቁጠሩት፤ መሬቱ የፕሮፌሰሩ፣ ጉልበቱ የእናንተ። የእኩል የሚያሳርስ ሰው አራሹን «በሬ አለህ? ዝናቡ ሲጥል ትደርሳለህ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ፕሮፌሰሩም ምን መሥራት እንደምትችሉ ነው የሚያየው። በብዙ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ሳይኖር በቀጥታ ማመልከት ይቻላል፤ ይኼን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ከማመልከታችሁ በፊት የፕሮፌሰሩን ጽሑፍ አንብባችሁ አጭር ኢሜይል መጻፍ ነውር የለውም። «ዲር ሰር፣ ስኮላርሺፕ ስጠኝ» የሚለውን ግን ከእኔ ኮምፒውተር እንኳ በቀን ሁለት ሦስት ልጅ ይልከዋል። መልስ ሲመጣ አላየሁም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ለእኔስ?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሙሉ ወጪ የሚሸፍነው አብዛኛው ዕድል ለማስተርስና ለፒኤችዲ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጥቂት ነው፤ ግን አለ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ ጥር መጀመሪያ ላይ ተከፍቶ የካቲት አጋማሽ ሳይደርስ ይዘጋል። ለዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ዓመት ቱርክኛ መማሪያ ነው። ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይናም ለዲግሪ ተማሪ የሚሰጡት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ ያሉት የውጭ ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞላሉ። መግባቱ ነው ጭንቁ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ይኼን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ያልገባለት ወላጅ ለደላላ ጥሩ ገበያ ነው። ወደ ደላላው እመጣለሁ።

ውጤቴ 3.4 ነው፤ ይበቃል?

ለአብዛኛው ይበቃል። ቁጥሩ ሲመነዘር ግን አትደንግጡ። ጀርመኖች የሚቆጥሩት ተገላብጦ ነው፤ 1.0 ከሁሉ የላቀ ነው፣ 4.0 ለጥቂት ማለፊያ። የእኛን ውጤት ከ4.00 ጣሪያና ከ2.00 ማለፊያ ተነሥተው በቀመር ይለውጡታል። 3.4 በዚያ ቀመር 1.9 ይሆናል። አንድ ልጅ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ውጤቴን ለሁለት ገመሱት» ብሎ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። 1.9 እዚያ «ጥሩ» የሚባል ውጤት ነው።

እንግሊዝኛን በተመለከተ፣ አይኤልትስ ወይም ቶፍል የሚባለው የቋንቋ ፈተና ቢጠየቅም ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ቸኩላችሁ አትፈተኑ። ደግሞ የእኛ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ሬጅስትራር «ትምህርቱን የተከታተለው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በፈተናው ፋንታ ይኼን ይቀበላሉ። ለአይኤልትስ ብሎ ዓባይ በረሃን ወርዶ አዲስ አበባ ከመክረም፣ መጀመሪያ የምታመለክቱበትን ቦታ ድረ ገጽ ማየት ነው።

ሞቲቬሽን ሌተር ላይ ምን ይጻፋል?

ለምን ይኼን ትምህርት፣ ለምን እዚያ፣ ለምን አሁን። በቃ። አብዛኛው የማተመው ግን እንዲህ ይጀምራል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሀገሬን የመርዳት ሕልም ነበረኝ።» ይኼን ዓረፍተ ነገር ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ስለዚህ ስለ ማንም አይናገርም።

አንድ ቡሬ አካባቢ የግብርና ባለሙያ የሆነ ልጅ ያንኑ ጽፎ መጣ። «እስቲ ሥራ ቦታ ምን ያበሳጭሃል?» አልኩት። ማውራት ጀመረ። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ምርቱ አይጨምርም። አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፤ ኖራ ይፈልጋል። የኖራው መጠን ለሄክታር በኩንታል የሚቆጠር ነው፤ ማጓጓዣው ራሱ ፈተና ነው። የትኛው ማሳ ስንት እንደሚፈልግ በቅርብ የሚለካለት የለም። «ይኼን ጻፈው» አልኩት። የመጀመሪያውን አንቀጽ በኖራ ከረጢት ጀመረ። ሕልም የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልነበረም፤ ሀገር መርዳቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ይታያል።

የድጋፍ ደብዳቤውን ለመምህራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቢያንስ ወር ሲቀረው። ብዙ ቦታ የመምህሩን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ይፈልጋሉ፤ በያሁ የተላከ አይታመንም። ከሁለት መምህራን የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ቃል በቃል አንድ ከሆኑ ደግሞ የጻፋችሁት እናንተ መሆናችሁ ይታወቃል።

ወረቀቱ ላይ የሚያደናቅፈው ምንድን ነው?

ስም፣ ቀንና ሰዓት። ቀላል ይመስላሉ።

ፀጋዬ የሚባል ልጅ አለ እንበል። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ ላይ ፀ በቲና በኤስ ተጽፏል። ትራንስክሪፕቱ ላይ በኤስ ብቻ ነው። ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻዋ ላይ አንዲት ኢ ተጨምራለች። ለፈረንጁ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ፓስፖርት ልታወጡ ስትሄዱ የትራንስክሪፕቱን አጻጻፍ ይዛችሁ ሂዱ። ፎርሙ «ሰርኔም» ሲል ብዙው ሰው የሚሞላው የአባቱን ስም ነው፤ ፓስፖርታችሁ እንዴት እንደከፈለው አይታችሁ በሁሉም ቦታ እንደዚያው አድርጉት። አባት ስፖንሰር ከሆኑ ደግሞ የእሳቸው «ሰርኔም» የአያታችሁ ስም ይሆናል፤ «አባትህ ለምን ሌላ ስም አለው?» ይመጣል። የልደት ሰርተፍኬት አዘጋጁ።

ቀኑ የባሰ ነው። በ1997 የተወለደ ልጅ ፎርሙ ላይ 1997 ብሎ ከሞላ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። የቱርኩን የ21 ዓመት ገደብ አስታውሱ፤ በአንድ የቁጥር ስሕተት ከውድድር ወጣ።

ሰዓቱ ላይም አንድ ልጅ እዚሁ ተጎድቷል። ዴድላይኑ «12:00 ጂኤምቲ» ይላል። እሱ የማታ 12 ሰዓት መሰለው። 12:00 ጂኤምቲ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ላይ እየሮጠ ሲመጣ ገጹ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ለማንኛውም የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ማን ይረሳል። ያኔ ፎርም ለመሙላት ብቻ አዲስ አበባ የወረደ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው ኮስት ሼሪንግ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ቴምፖ (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት) ይዞ ነው የሚወጣው፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት የወጪ መጋራቱን መጨረስ አለበት። ስኮላርሺፕ ከተገኘ በኋላ ሳይሆን አሁኑኑ ሒሳቡን ጠይቁ።

ኤጀንት ይጠቅማል?

እኔ ራሴ ተበልቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ደላላ «ፕሮሰስ» ብሎ 8,000 ብር ተቀበለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአድሚሽን ደብዳቤ አመጣልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በኋላ ድረ ገጹን ስከፍት ያ ፎርም ነፃ ነው፤ ስም፣ ኢሜይልና ትራንስክሪፕት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስኮላርሺፕ የሚል ነገር ደብዳቤው ላይ አልነበረም። ደላላው አልዋሸኝም፤ አድሚሽን እንዳለው አድሚሽን ነው ያመጣው። ልዩነቱን ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

ቼቭኒንግ፣ ፉልብራይት፣ የቱርክ መንግሥት፣ ኢራስመስ ሙንዱስ፤ ማመልከቻቸው ነፃ ነው። «ለስኮላርሺፑ መመዝገቢያ ላኩ» የሚል የቴሌግራም ቻናል ካያችሁ ውጡ። ሕጋዊ የሆነ ክፍያም አለ፤ እሱን ለይታችሁ እወቁ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ይጠይቃሉ። ጀርመን ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ወረቀት የሚያጣራው ዩኒ አሲስት ለመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ ለየተጨማሪው 30 ዩሮ ያስከፍላል። የሚከፈለው ለተቋሙ በራሱ ገጽ እንጂ በአንድ ሰው የቴሌብር ቁጥር አይደለም።

ኤምባሲ ላይ ምን ይሆናል?

የአሜሪካ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የሚባል ወረቀት ይልካል፤ ኢንተርቪውም አለ። ጥቂት ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው የሚከለከለው 214(ቢ) በሚባለው የሕግ አንቀጽ ነው። ሕጉ ከመነሻው አመልካቹን ሁሉ ሊቀር እንደመጣ አድርጎ ይወስደዋል፤ እንዳልሆነ የማሳየት ሸክሙ የአመልካቹ ነው። ስለዚህ ምን እንደምትማሩ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ጨርሳችሁ ምን እንደምትሠሩ በራሳችሁ አፍ መናገር ይኖርባችኋል። በቃል የተጠና ንግግር ወዲያው ይታወቃል።

እንግሊዝ ደግሞ በራሱ ገንዘብ የሚሄድ ተማሪ ብሩ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሒሳቡ ውስጥ መቀመጡን ያያል። ከአጎት ተበድሮ ለአንድ ቀን አስገብቶ ስቴትመንት ማስወጣት እዚያ አይሠራም። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አለ።

ቪዛው ቢከለከል በድጋሚ ማመልከት ይቻላል፤ ክፍያው ግን እንደገና ነው፤ የተለወጠ ነገር ከሌለ መልሱም ያው ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከጠየቃችሁ አድሚሽኑን ለሚቀጥለው ዓመት ያሸጋግሩታል። ስኮላርሺፑ ግን አብሮ የሚሸጋገርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የቼቭኒንግ ለምሳሌ አይሸጋገርም። ደብዳቤው በደረሳችሁ ዕለት የቪዛውን ወረፋ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።